ከሁሉም በላይ ያለው መስኮት

እንደሻው ስለ ኤፍራታ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚናገረው በደንብ እንደማያውቃት ነው። አሰላ ካለ አንድ ቢሮ ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ሁለት ክረምት አሳልፈዋል፤ እሱ መዝገብ ቤቱን ይጠብቃል፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ትጽፋለች። የሚያውቀው ግን ከደብረ ብርሃን ተመድባ መምጣቷን፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቷንና እናቷ ታመው ያለ አስታማሚ መተኛታቸውን ብቻ ነው። ይህንንም ቢሆን የነገረችው ለቢሮው ሻይ የምታፈላው ዙቤዳ ናት። ዙቤዳ ደግሞ ያልሰማችውንም ታወራለች።

ቢሮው ለገበሬዎች የኮምባይነር ተራ ያስይዛል። ስንዴ በደረሰ ቁጥር ከሲሬም፣ ከዴራም፣ ከአቦምሳም ሰው እየጎረፈ ደጃፉ ላይ ይጋፋል፤ ጉልበት ያለው ቀድሞ ያሳጭዳል፣ ጨዋው ዝናብ ይመታዋል። ይህን ለማስቀረት ኤፍራታ ፕሮግራም ሠራች። የገበሬው ስምና ቀበሌ ይጻፋል፣ «ተራ ስጥ» የሚለው ቁልፍ በማውስ ይጫናል፣ ማሽኑ የሚሄድበት ቀን ይወጣል። ጥቅምት ሲገባ አልቆ ነበር፤ ይሠራልም። ጥፋቱ ይኸው ነው። አልቆ የሚሠራ ነገር ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ አሰግድ አመራር የሚሰጡበት ቀዳዳ አልተወላቸውም።

ኤፍራታ ግን ችኮላ ላይ ነበረች። እናቷ አጠገብ ደብረ ብርሃን ላይ የሥራ ቦታ አግኝታለች፤ ቦታው እስከ ኅዳር ማብቂያ ብቻ ይጠብቃታል። የቀራት የአቶ አሰግድ ፊርማ ያረፈበት መልቀቂያ ነው።

«እፈርማለሁ» አሏት። «አልፈርምም ያለ ማን ነው? ብቻ መጀመሪያ የፕሮግራሙ መልክ ይስተካከል። ግራጫ ነው እኮ! ግራጫ ነገር እንግዳ ተጠርቶ ይመረቃል?»

ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው እያንዳንዱ ሣጥን መስኮት ይባላል፤ የመስኮት ቀለም መለወጥ ለኤፍራታ አንድ መስመር ኮድ መጻፍ ነው። ለአቶ አሰግድ ግን ኮሚቴ ማቋቋም ነው። የስንዴ ቀለም ይሁን ተባለ። የደረሰ ስንዴ ነው ወይስ እሸት በሚለው ላይ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ፤ ከብዙ ውይይትና ከብዙ የዙቤዳ ሻይ በኋላ የደረሰው አሸነፈ። ሜዳው ላይ ያለው እውነተኛው ስንዴ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ደርሶ ነበር።

ቀጥሎ አቶ አሰግድ ፎቶግራፋቸውና መልእክታቸው ያለበት ሌላ ትንሽ መስኮት እንዲጨመር አዘዙ። መልእክቱ «የገበሬው ጊዜ ክቡር ነው» ይላል። ኤፍራታ ጨመረችው። እሳቸውም ማውሱን ይዘው ሲሞክሩ የተራ ማስያዣው መስኮት ተነሣና ፎቶግራፋቸውን ሸፈነው።

«ማነው እላዬ ላይ የወጣው?»

«የተራ ማስያዣው መስኮት ነው ጋሼ። ሲነኩት ወደ ፊት ይመጣል፣ ሌላው ከኋላ ይሆናል። ሥርዓቱ ነው» አለች ኤፍራታ።

«የማን ሥርዓት?»

አቶ አሰግድን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ከማንም በታች አይቀመጡም። ሲሬ ለቅሶ ሄደው በዕድሜ የሚያንሳቸው ሰው ከድንኳኑ ላይኛው ወንበር ተቀምጦ ቢያገኙት «እግዜር ያጥናችሁ» እንኳ ሳይሉ ዞረው ተመልሰዋል። ሟቹ የአጎታቸው ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የአቦምሳ ወረፋ እላዩ ላይ ሲወጣ ዝም ብሎ ያያል ማለት ዘበት ነው።

መስኮቶች ባሕርይ አላቸው። «ከሁሉም በላይ» የሚባል አለ፤ ኮዱ ላይ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ተብሎ ይሞላል። ኤፍራታ «እውነት» ብላ ሞላችው። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ቢከፍት አቶ አሰግድ ከላይ ናቸው።

አንድ ሳምንት አልሞላም፣ ፕሮግራሙን ሲለማመድ የነበረ አንድ ጸሐፊ ጥግ ላይ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት ተጭኖ ዘጋቸው። «እኔን ዘጉኝ?» አሉ። ኤፍራታ ርዕሱና መዝጊያው ያሉበትን የላይኛውን ጠርዝ እንዳለ አነሳችው። አሁን የሚዘጋቸው የለም፤ ጠርዝ የሌለው መስኮት መያዣም የለውምና የሚያንቀሳቅሳቸውም የለም። ጸሐፊዎቹ በበኩላቸው የገበሬዎቹን ስም ማየት አቃታቸው። ኤፍራታ መስኮቱ ወደ ጥግ ቢሆንስ ብላ ጠየቀች።

«ጥግ? እኔ?»

መፍትሔው ከአዳማ መጣ። አቶ አሰግድ ሆቴል ውስጥ የአመራር ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ጥሩ መሪ» አሉ ከምሳ በኋላ፣ «አይታይም። ግን አለ። መኖሬ ይታወቅ እንጂ እንዳልታይ አድርጊልኝ።»

ለዚህም ባሕርይ አለው፤ መስኮትን እንደ ጭጋግ ያሳሳል። ኤፍራታ በግማሽ አሳሳችው። የአቶ አሰግድ ፊት ከገበሬዎች ስም በስተፊት ተንሳፈፈ፤ ግንባራቸው ላይ «ዴራ» የሚል ተነበበ። ብርጭቆ ልትሰበስብ የገባችው ዙቤዳ ስክሪኑን አይታ ደነገጠች።

«ያ ረቢ! ጋሼ ሳይሞቱ ነው እንዴ መንፈስ የሆኑት?»

«ቀንሺው» አሉ አቶ አሰግድ። ቀነሰችው። «አሁንም ቀንሺው!» ጢማቸው ብቻ ቀረ። «ጢሙንም!»

«ጨርሶ ላጥፋው ጋሼ?»

«ጨርሶማ አታጥፊኝ! መኖሬስ? ትንሽ ልኑር።»

ትንሽ ኖሩ፤ ዓይን የማያየው ትንሽ። ከዚያም እስከ ምረቃው ፕሮግራሙን ማንም እንዳይነካው አዘዙ።

ያን ቀን ሻይ ሲጠጡ እንደሻው ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት፤ ፀጥታው ከብዶት እንጂ ጉዳዩ ገብቶት አይደለም። እሷም ከልማዷ ውጪ አስረዳችው። መስኮቱ የሚታይበት መጠን ጨርሶ ዜሮ ቢሆን ማውሱ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፈዋል፤ ቅንጣት ያህል ካለ ግን ባይታይም አለ፣ የሚጫኑት ሁሉ እሱ ላይ ይቀራል አለችው። እንደሻው ራሱን ነቀነቀ። ለሚናገር ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

ምረቃው ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሆነ። ከዞን እንግዶች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ለሰልፍ የታጠበ አንድ ኮምባይነር ውጭ ቆመ። በዚያ ሰሞን ስንዴ ማጨድ የሚችል ማሽን ስንዴ ሳያጭድ መዋሉን ያነሣ እንግዳ አልነበረም። ከሲሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የመጀመሪያውን ተራ እንዲቀበሉ አዲስ ነጠላ ለብሰው ተጎልተዋል። አቶ አሰግድ የሽማግሌውን ስም በአንድ ጣት ጻፉና «ተራ ስጥ» ላይ ማውሱን ተጫኑ።

ምንም የለም።

ደገሙት። አጠነከሩት። ማውሱን ገልብጠው ሆዱን አዩት። ሌላ ማውስ መጣ። አንዱ እንግዳ መብራት ኃይልን ማማት ጀመረ፤ መብራት ግን ነበር፣ ያውም ያለ ወትሮው።

«ቁልፉ ደርቋል መሰለኝ» አሉ ሽማግሌው ሊረዱ ፈልገው።

«ይህን የሠራችው ልጅ የት አለች?» አቶ አሰግድ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ለስንዴ ተራ የሚሰጥ ፕሮግራም እንዲህ ይሠራል? ይህችን ነው መልቀቂያ ፈርሜ ለሌላ መሥሪያ ቤት የማሳልፈው?»

ኤፍራታ ከኋላ መጥታ ጎንበስ አለች። ትርፍ ማውስ ይዞ አጠገባቸው የቆመው እንደሻው ሁሉንም ሰማ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የእርስዎ መስኮት አይታይም እንጂ ቁልፉን ሸፍኖታል። የሚጫኑት ራስዎን ነው።»

አቶ አሰግድ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ከላይ ላውርድዎት።»

«ሰው ፊት?»

«ማን ያይዎታል ጋሼ? አይታዩማ።»

እንግዶቹ ሰዓታቸውን አዩ። አቶ አሰግድም ግራ ቀኙን አዩና «ቀስ አድርገሽ» አሉ። ኤፍራታ ፕሮግራሙን ዘግታ «እውነት» የሚለውን «ሐሰት» አደረገችና እንደገና ከፈተችው። አቶ አሰግድ ስሙን መልሰው ጽፈው ተጫኑ። የሽማግሌው ቀን ወጣ። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው፤ አቶ አሰግድም ስለ ትዕግሥት ረጅም ንግግር አደረጉ።

የኤፍራታ እናት ሕመም ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የአቶ አሰግድን አንጀት በላው። «ልጅቷን ምን አስቀመጣት? እናት እኮ ናቸው!» ብለው መልቀቂያውን ቆመው ፈረሙ። ምሥጢራቸውን የያዘች ሠራተኛ ደብረ ብርሃን ብትሆን ለጤናቸው እንደሚሻል ማንም አልነገራቸውም፤ በራሳቸው ደረሱበት።

በማግስቱ እንደሻው ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ሸኛት። ዙቤዳ ለመንገድ ብላ በስኳር ያበደ ሻይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ልካላታለች። ረዳቱ «አዳማ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። እንደሻው ሌሊቱን ሲያሰላስል ያደረውን አሁን ካልጠየቀ መቼም እንደማይጠይቅ ያውቃል፤ ያም ሆኖ ሻንጣዋን አስጭኖ፣ እጁን አራግፎ፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ ነው የጠየቃት።

«ኤፍራታ… ዜሮ ብታደርጊው ማውሱ ያልፈው ነበር ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር ጋሽ እንደሻው።»

«እሳቸው መቼም ዜሮና ቅንጣት አይለዩም። ያቺን ቅንጣት የተውሻት ትንሽ ልኑር ስላሉ ነው… ወይስ ቁልፉ ላይ መሆናቸውን እያወቅሽ?»

ኤፍራታ የዙቤዳን ሻይ ከፍታ ቀመሰች፤ ፊቷን ቋጠረችና ከደነችው።

«እሱን ተዉት ጋሽ እንደሻው» አለች፣ «አልመልስም።»