ሁለት ዓመት ስንት ነው?

ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ፣ ጥይት በበሳሳው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት ወደዚያው ለሚሄዱ ሴቶች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ከጦርነቱ ወዲህ ተማሪዎቿ በዝተዋል። ጅልባቧ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የእጆቿን ቆዳ በረኪና እንደበላው ያስታውቃል። ብዙ ቁጥር የምታስተምረው በሰው ቤት ሥራ ነው፤ «ሰቨን ሩምስ፣ ቴን ካርፔትስ» ታስብላቸዋለች። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» የዋጠችውን ቆጣ ትላታለች።

«‹ሩም› ካልሽማ እመቤትሽ አንዱን ክፍል ብቻ የጠረግሽ ይመስላታል!»

ትናንት በሯ ላይ ሻይ ስጠጣ፣ ጥቂቱን «ፊው»፣ ብዙውን «ሜኒ» በሉ ስትል ሰማኋት። ሕፃን ልጇን ያቀፈች አንዲት ቀጭን ሴት እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው አሉን። ፊው ነው ሜኒ?»

መምህሯ ጠመኔዋን እንደያዘች ሕፃኗን አየቻት።

«ስትሄጂ ፊው ነው። ስትመለሺ ግን ይቺው ልጅሽ ‹አክስቴ› ብላ ትጠራሻለች። ያኔ አንቺው ትነግሪኛለሽ፣ ወላሂ።»

ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች።

«በሉ፣ ሁለት ዓመት፦ ቱ ዪርስ!»

ሁሉም ተከትለዋት አሉ። «ስ»ዋን የዋጠች አንድም አልነበረችም።