የማዳም የለቅሶ ልምምድ

ይህን ሳስበው እስካሁን ፊቴ ይግላል፤ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ሄጄ ካርቱም፣ ዐማራት በሚባል ሰፈር፣ በቤት ሠራተኝነት የምሠራላት ማዳም ተዋናይት ነበረች። በወጣትነቷ መድረክ ላይ ነግሣለች፣ አንድ ፊልምም ሠርታለች። አሁን በቴሌቪዥን ድራማ ባሏ የሞተባት ሴት ልትሆን ነው፤ እንባዋ ግን እምቢ አለ። ዳይሬክተሩም «ነገ ካላለቀስሽ ሌላ አመጣለሁ» ብሏታል።

«ያላ፣ በይ እንጂ ዘሃራ፣ እናንተ ሐበሾች ለቅሶ ታውቁበታላችሁ፤ አሳዪኝ!»

«ማዳም፣ ሟቹ ስሙ ካልተጠራ እኮ አይለቀስም።»

«እንግዲያው የባሌን ስም ጥሪ!»

ባሏ ሐጂ ሐሰን ግን በሕይወት አሉ፤ ሥራ ላይ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ወሎ አልቃሽ «ዋይ ሐሰን! ዋይ የቤቱ ምሰሶ!» ስል ግቢው ተናወጠ። ዓይኔን ስገልጥ ጎረቤቶች እየጮኹ ገብተዋል፤ ወንዶቹ ደጅ ላይ ወንበር ይደረድራሉ። «ልምምድ ነው» ልል ስል ማዳም ቆነጠጠችኝ። ከመድረክ ከወረደች ወዲህ ይህን ያህል ተመልካች አላየችም፤ መሬት ላይ ተዘርራ እንባዋን ታወርደው ጀመር።

በመስኮት ሳይ ሐጂ ሐሰን ሐብሐብ ታቅፈው መጡ። ለቀስተኛውን ሲያዩ ሐብሐባቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ የፋቲሓ ዱዓ አደረጉና አንዱን ሽማግሌ «ማን ሞቶ ነው?» አሏቸው።

ሽማግሌው ቀና ሳይሉ «የዚህ ቤት ባለቤት፤ ደግ ሰው ነበር» አሉ።

ሐጂ ሐሰን ትንሽ አሰቡና «አዎ፣ ደግ ነበር» ብለው ወንበር ሳቡ።