አሥራ ሦስተኛው መስመር

በጣልያን ጊዜ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ በአንድ የመኮንኖች ቡና ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ስሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርሁ። የማከፋፈያው ሰሌዳ ከእብነ በረድ የተቆረጠ ሲሆን አሥራ ሁለት ቫልቮላዎች ተደርድረውበታል። ቫልቮላ ማለት መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ቀልጦ ኃይሉን የሚያቋርጥ ቀጭን ሽቦ የያዘ የሸክላ ማቀፊያ ነው። አሥራ ሁለቱም ሥራ ይዘዋል። ባለቤቱ ግን የበረዶ መሥሪያ ማሽን አስመጥቶ አሥራ ሦስተኛ መስመር ይቀጠልልኝ አለ።

ትክክለኛው አሠራር አንድ ብቻ ነው፤ የራሱ ቫልቮላ ያለው ሁለተኛ ትንሽ ሰሌዳ በብረት ሣጥን አድርጎ ከዋናው ጎን መስቀል። ይህን ለካቦው፣ ለጣልያኑ አሠሪዬ፣ ብነግረው በጥፊ መታኝና «አንዱ ላይ ሁለት ሽቦ እሰር!» አለኝ። ስደግምለት አፌን በቡጢ አደማው። በሦስተኛው ተስማማ፤ ቤቱ ቢቃጠል ተጠያቂው እሱ መሆኑ ገብቶት ነበር።

ሣጥኑን የሠሩት ከከተማው ሰሜን ካለ መንደር የመጡ፣ የቤተ እስራኤል ወገን የሆኑ ሽማግሌ ባለእጅ ናቸው። ሣጥኑን ይዘው የመጡበት ዕለት ዓርብ ነው። ገና ከበሩ ሳያልፉ መዳፋቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«አደራ ልጄ፣ አትንካኝ። የሌላ ወገን እጅ የነካው ሰው እኛ ዘንድ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከመንደር ውጭ ይቆያል። ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ መንገድ አልሄድም። ሜዳ ላይ መቅረቴ ነው።»

«አልነካዎትም አያ።»

ካቦው ሣቀ። ጣቱን እስከ አፍንጫቸው እያስጠጋ፣ ከገበያ በለቃቀማት አማርኛ «ልንካህ? ልንካህ?» ይላቸው ጀመር።

«ምነው ጌታው፣ ጣትህ ሥራ አጣ?» አሉት፣ ዓይናቸውን ግድግዳውን ከሚበሱበት መሮ ሳያነሡ።

ዋናው ኃይል እንዲቋረጥልኝ ካቦውን ለመንሁት። መኮንኖቹ ምሳ ላይ ስለሆኑ ራዲዮናቸው አይቆምም አለ። ኃይሉ እንዳለ ሠራን። ሣጥኑን እንዲይዙልኝ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። ሲያስጠጉት ጠርዙ ሰሌዳው ላይ ኃይል ከተሸከመው የነሐስ ዘንግ ጋር ተገናኘ። ድምፅ አላወጡም። ጣቶቻቸው ብረቱ ላይ ተጨመደዱ፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሳቸው ሲፋጭ እሰማለሁ።

ላላቅቃቸው ዘለልሁ፤ እጄ ከትከሻቸው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ያቆመው እውቀት አልነበረም፤ ብነካቸው ኖሮ አብረን እንደምንሞት የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ያቆመው የሰጠኋቸው ቃል ነው። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የካቦውን ደረቅ የወይራ ዱላ አንሥቼ ክንዳቸውን መታሁ። አልለቀቀም። ባለኝ ኃይል ሁሉ ደገምሁ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሽማግሌው ወደ ኋላ ወደቁ፤ ሣጥኑ ሰሌዳው ላይ ተንሸራትቶ እሳት ተፋ፤ ራዲዮኑ ጸጥ አለ።

ካቦው አለንጋውን መዝዞ ጀርባዬን ይተለትለው ያዘ። በአለንጋው ድምፅ መካከል ሽማግሌው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ነካኸኝ?»

«በዱላ ነው አያ። እጄ አልደረሰብዎትም።»

«ሸጋ! እንግዲያ ለሰንበት እደርሳለሁ።» የተሰበረውን ክንድ በኩታቸው አንጠልጥለው ተነሡ።

ካቦው ይህን ሰማ። አለንጋውን ጣለ። ሳይቸኩል ሄዶ ሁለት መዳፎቹን ፊታቸው ላይ ጫነና እንደ ሊጥ አሻቸው፤ ከዚያም በጢማቸው ጎትቶ ደጅ ወረወራቸው።

መሮና መዶሻቸውን ይዤ በርቀት ተከተልኋቸው። ወንዙ ውስጥ ከነልብሳቸው ገቡ። ክንዳቸው ቀዝቃዛውን ውሃ ሲነካ ጮኹ፤ ኤሌክትሪክ ሲይዛቸውም፣ እኔ ስሰብራቸውም ያልጮኹ ሰው። ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከማዶ መንደራቸው ይታያል፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች።

«ከጉብታው ላይ ሆነህ ባለቤቴን ጥራልኝ። ተነክቷል፣ አይመጣም በላት።»

ወጥቼ ተጣራሁ። አንዲት ሴት ከማዶ ብቅ አለች።

«ማን ነካው?» ስትል ጮኸች።

ክንዳቸውን የሰበርሁት እኔ መሆኔን ሳልናገር «ጣልያን!» አልሁ።