መሃል ያለው

የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ወንድሜ፣ ከሰልፉ በኋላ ጓደኞቹ ሲታፈሱ አምልጦ ኮልፌ ቤታችን ጓዳ ውስጥ ተደበቀ። ከእናቴና ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰው ከጓዳው አጠገብ ያለውን ክፍል ልከራይ ብሎ መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ዝምተኛ፣ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ የሚል። እናቴ፣ “እምቢ ካልኩት ይጠረጥራል” ብላ አከራየችው።

እኔ ከመጀመሪያው ቀን አላመንኩትም። አስተማሪ ከሆነ ምነው የተማሪ ደብተር ሲያርም አላየሁትም? ሲመሽ ደግሞ ረጅም ቱቦ በሦስት እግር ላይ አቁሞ ግቢው ውስጥ ይቀመጣል። ሰማይ ነው የማየው ይላል። ቱቦው ወደ ላይ ቢዞርም ሰውየው ራሱ ከጓዳችን መስኮት አሥር እርምጃ አይርቅም። ያን ጊዜ ጆሮ ጠቢ የሌለበት ሰፈር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ማስታወሻውን በርጩማ ላይ ትቶ ሱቅ ሄደ። ከፈትኩት። በየገጹ ሰዓት ተጽፏል፣ ክብ ተስሏል። ከአንዱ ክብ ስር፣ “ማታ 1፡20። ዙሪያው በደንብ ታየ። መሃል ያለው ዛሬም አልታየም” ይላል። ቀጥሎ፣ “እዚያው እንዳለ አውቃለሁ። እጠብቃለሁ።”

ስለ ወንድሜ የጻፈ መስሎኝ ማስታወሻውን ቦታው መልሼ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ወንድሜ ስነግረው አልተከራከረኝም። የእናቴን ነጠላ ተከናንቦ በጓሮ ወጣና አስኮ አክስታችን ዘንድ በእግሩ ሄደ።

በማግስቱ ሲመሽ ሰውየው ዘንድ ሄድኩ።

“የሚጠብቁት ማንን ነው? መሃል ያለው የሚሉት ማን ነው?”

ደብተሩን ማንበቤ ገባው፤ አልተቆጣም። “ነይ፣ እይው” አለኝ።

ዓይኔን ቱቦው ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ከሲጋራ የወጣ የሚመስል ትንሽ ግራጫ የጢስ ቀለበት ታየኝ።

“የሚሞት ኮከብ ነው” አለ። “ላዩን አራግፎት ነው እንዲህ ጢስ የመሰለው። ልቡ መሃል ላይ ቀርቷል፤ ትንሽ ነጭ ኮከብ። በትልልቅ መነጽር ፎቶ አንስተውታል። የኔ አቅም የለውም፤ ግን እሞክራለሁ።”

“ሳያዩት እንዳለ በምን ያውቃሉ?”

“እሱ ባይኖር ጢሱን ማን ያበራዋል?”

መልሱ ጥሩ ነበር። ጥሩ መልስ የሚሰጥ ደግሞ የተዘጋጀ ሰው ነው ብዬ ወንድሜን ተመለስ አላልኩትም። እናቴም ሰው እንዳይከተላት ፈርታ ልትጠይቀው አልሄደችም። ወንድሜ አስኮ እያለ ታይፎይድ ይዞት ለጥቂት ነው የተረፈው።

ፍለጋው ጋብ ሲል አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ተመለሰ። ተከራያችን በር ላይ አገኘንና ጓዙን ተቀበለው።

“እንኳን ደህና መጣህ። ሳልህ ተሻለህ?”

ደነገጥኩ። “ያውቁታል እንዴ?”

“ፊቱን ገና አሁን አየሁ። ሳሉን ግን ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እሰማው ነበር፤ ግድግዳው ስስ ነው።”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም?”

“ለማን ልናገር?” አለና ጓዙን ይዞ ቀድሞን ገባ። ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።