የሰባት ሳንቲ ሜትር ልዩነት

ባሂራ ቡታጅራ በሚገኝ አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ቀን ያልተጻፈበት ካርድ ከእጇ አያልፍም። «ባሂራ መልአከ ሞትንም በቀጠሮ ነው የምታስገባው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ታናሽ ወንድሟ ዑመይር ያለበት የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ ሄሊኮፕተር ከወደቀ ወዲህ ግን ቀልዱ ቀረ። የቀጠረው ድርጅት «ቀበቶ አላሰረም» ብሎ ጻፈ፤ ለቀስተኛውም «በገዛ እጁ» እያለ ተቀባበለው። እናታቸው ይህን ሰምተዋል።

በስድስተኛው ወር ነብዩ የሚባል ተመራማሪ ከወልቂጤ መጣ። ላፕቶፑ ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ሰው ከነወንበሩ ሲወድቅ፣ አንገቱም ሲታጠፍ አሳያት። የመጣው የዑመይርን የአንገት ራጅ ለማየት ነበር።

«ድርጅቱ ነው የላከህ?»

«አይደለም፣ ጥናት ነው።»

መታወቂያውን ተቀብላ ግራና ቀኙን አነበበች፤ ማኅተሙን ወደ መስኮት አዙራ አየች።

«ወይዘሮ ባሂራ፣ ፖሊስም እንዲህ አልፈተሸኝ።»

«ፖሊስ ወንድሙን አልቀበረም።»

ራጁን ሰጠችው። በሳምንቱ ተመልሶ አንገቱን ደፋ። «የኔም ስሌት አላሰረም ነው የሚለው። በዚህ ቁመት ቀበቶ ያሰረ ሰው ግንባሩ ከላይኛው ብረት ጋር ይጋጫል። የእሱ ግንባር ጭረት እንኳ የለበትም።»

«ከመምጣትህ በፊት የተጻፈ መልስ ነው» አለች። «ቁመቱን ማን ሰጠህ?»

«የቅጥር ምርመራው ቅጽ። አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት ይላል።»

«የማን እጅ እንደጻፈው አሁን እናያለን።»

ዋናውን ቅጽ ከመደርደሪያ አውጥታ ገለጠችው። የራሷ እጅ ነበር።

ያን ቀን ዑመይር ከመለኪያው ሥር ቆሞ፣ «እታለም፣ ሰባ አምስት ካልሞላሁ አይቀጥሩኝም» ብሏት ነበር።

«አጭር ነህ፣ ምን ላድርግህ?»

«እንደ እንሰቱ ነቅለሽ ትከይኛ፣ አድጋለሁ።»

ስቃ፣ ሦስት ጨምራ ሰባ ስምንት ብላ ጻፈችለት። በአሥራ ሁለት ዓመት የጻፈችው ውሸት እሱ ብቻ ነው።

«ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አንድ ነው» አለች።

መጠርጠር አሁን የነብዩ ተራ ሆነ። «እርስዎ እህቱ ነዎት። በምን ልመንዎት?»

መቃብር ቆፋሪው ሙዝደሊፋ የአስከሬኑን ልክ የወሰደበትን ቀርከሃ ከቤቷ አመጣች፤ ከቀብር መልስ ቀን ጽፋበት አስቀምጣው ነበር። ነብዩ ይዞት ወደ ሙዝደሊፋ ሄደ።

«የኔ ነው» አለ ሽማግሌው። «ልክ ሳነሳ ሁለቱን ጫፍ በእሳት አጠቁራለሁ። ቢቆረጥ ነጩ ይታይ ነበር።»

ነብዩ ራሱ ሁለት ጊዜ ለካው፤ ሰባ አንድ። ስሌቱን እንደገና ሲያስኬደው፣ ቀበቶ ያሰረው ሰው ራስ ከብረቱ ሥር አለፈ፤ አንገቱም ራጁ ላይ ከሚታየው ቦታ ተሰበረ።

«ቅጹ ለምን እንደታረመ መጻፍ አለብን» አላት ቀስ ብሎ። «የመለኪያ ስህተት እንበለው፤ እንጀራዎም ነው።»

እንደ መጀመሪያው ቀን አየችው። «እንዲህ ብለን ከጻፍን ሌላውንስ ማን ያምነናል?»

ሰባ ስምንቱን በአንድ መስመር ሰረዘች። ከጎኑ «ሰባ አንድ። የቀድሞውን አውቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፤ ስሟንና ፊርማዋን አኖረች። ቅጹን ከመስጠቷ በፊት ቀኑ መጻፉን ደግማ አየች።