ያልቆጠርኩት ውርጭ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ስለ መሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለ አንዲት የሞተች በቅሎና ስለ ትሎች ነው። ግን አንድ ሰው በእኔ አፍ ምክንያት ስለተዋረደ ልጻፈው።

በታኅሣሥ ለገና ዕረፍት ከደብረ ማርቆስ ወደ ቤት ስገባ አባቴንና ጎረቤታችንን ተኳርፈው አገኘኋቸው። ጎረቤታችን የመንደሩ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት ሰው ቢጣላ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። የጁቤ ከተማ ለቅሶ ሊደርሱ በቅሏችንን ተውሰው፣ ሲመለሱ ቅዳሜ ማታ ገመዷን በጥሳ ጠፋችባቸው። እኔ በደረስኩበት ሐሙስ ከገደል ሥር ሞታ ተገኘች። "ቅዳሜውኑ ወድቃ ነው" አሉ ሽማግሌው። አባቴ ግን እስከ ማክሰኞ እህል ሲጭኑባት ሰንብተው ገደሏት ብሎ ጠረጠረ።

"አንተ ተማሪ አይደለህም? እስቲ እይልኝ" አለኝ፣ ገደሉ ሥር ሰው ሁሉ ቆሞ እያለ።

ፖሊስ ሰው የሞተበትን ቀን ለማወቅ አስከሬኑ ላይ ያሉትን የዝንብ ትሎች ዕድሜ እንደሚመረምር መምህራችን አስተምሮን ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትሎቹ ገና ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ።

"ከሞተች ከሁለት ቀን አይበልጣትም" አልኩ።

"በሉ፣ ለበቅሎዋ ትል ምስክር ቆመላት!" አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

ሽማግሌው አልሳቁም። "ልጄ፣ እኔ እኮ ውሸት አላውቅም።"

"ትል አይዋሽም፣ አባባ" አልኳቸው። አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የጠራቸው የለም።

የካቲት ላይ ለፈተና ሳጠና ደብተሬ ውስጥ በገዛ እጄ የጻፍኩትን፣ ያውም ያሰመርኩበትን አገኘሁ፦ ብርድ ትልን ያዘገያል፤ ሙቀቱን ሳታውቁ ቀን አትቁጠሩ። ያ ገደል ፀሐይ አይገባበትም። በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ብርድ ዝንብም ቶሎ አይመጣም። በቅሎዋ ቅዳሜ ሞታ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አይሆንም ብዬ ፈርጃለሁ።

ለልደታ ወደ ቤት ስሄድ ለአባቴ ነገርኩት። "ለእኔ ብቻ መንገርህ ምን ያደርጋል? ያኔ የተናገርከው ሰው ፊት ነው" አለኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ሲቃመስ ተነሥቼ መሳሳቴን ተናገርኩ። አባቴም ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀ። ሰዎቹ "እንግዲህ እንደ ድሮው ያስታርቁን እንጂ" አሏቸው።

"ይቅር ብያችኋለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ሽምግልናው ግን ከእንግዲህ አይሆነኝም። ቃሌን ከትል አሳንሳችሁ አይታችሁታል።"

ከዚያ ከንፍሮው ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ነገሩ በዚሁ አለቀ፣ ግንቦት አንድ ቀን።