ከሰርግ ቪዲዮዎች የደበቅኩት ቦታ

ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር። ባለቤቱን ጋሼ እንላቸዋለን። ታክሲ መንዳት ትተው ካሜራ የያዙ፣ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት ተምረው ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ በሥራ ቀናት ዴንቨር የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮች እጠብቃለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የእሳቸውን ኮምፒውተር። ጋሼ፣ ቪዲዮውን የሚያቀናብርላቸው ኤዲተርና እኔ በዚያው በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የየራሳችን መግቢያ ነበረን።

ችግሩ ያለፈ ሰርግ አለመጥፋቱ ነበር። ኤዲተሩ አንድም ፋይል አያጠፋም። «የሰው ሰርግ ዴሊት ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ ትዳሩን ይነካል» ይላል፣ ኮስተር ብሎ። ጋሼ ባያምኑበትም አይሞክሩትም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ኮታ አበጀሁ፤ ማንም ከድርሻው በላይ ማስቀመጥ አይችልም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስመለከት ኤዲተሩ እንደ ጨዋ ሰው ከገደቡ በታች ነው። ኢሜይል እንኳ እኔን የሚያስጽፉት ጋሼ ግን ጢም ብለው ሞልተዋል። ከፍቼ ባየው የእስክስታ መዓት!

«ጋሼ ጋ ቦታ ነበር፤ አስጠጉኝ» አለ ኤዲተሩ።

«እንግዳ ከቤት አይባረርም» አሉ ጋሼ።

ተናደድኩም፣ ሳቄም መጣ። አንድ የማያውቁት ነገር ግን ነበር። እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ገና ዲስኩ ሲዘጋጅ ከሃያ እጅ አንዱን ለዋናው አስተዳዳሪ ይዞ ያስቀምጣል። ሌላው ሰው «ዲስኩ ሞልቷል» ሲባል አስተዳዳሪው ገና ቦታ አለው። አስተዳዳሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ብነግራቸው በእስክስታ ይሞሉታል ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ዲስኩ ሞላ። ከሰዓት በኋላ ፓርክ ሂል ሰፈር ሰርግ አለ፤ የካሜራው ካርዶች ያለፈውን ሳምንት ሰርግ እንደያዙ ናቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ካልተገለበጡ ለአዲሷ ሙሽራ ቦታ የለም። አሁን ማጥፋት ይማራሉ አልኩ በልቤ።

«የተፋቱትን እናጥፋ» አልኩ። ሊትልተን ከተማ ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው የተለያዩ ጥንዶች ነበሩ። ዲቪዲያቸውን አልወሰዱም፤ ያለው ቅጂ እኛ ጋ ያለው ብቻ ነው። «ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ምኑ ይነካል?»

ኤዲተሩ እንኳ በዚህ ተረታ። ፋይሉን መርጦ ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ።

«እጅህን አንሳ!» አሉ ጋሼ። ለካ ጥንዶቹን ለማስታረቅ የተያዙት ሽማግሌ እሳቸው ኖረዋል። «እኔ በዚህ ሳስታርቅ እናንተ በዚያ ታፈርሳላችሁ? እውነት ሌላ ምንም ቦታ የለም?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሽማግሌ ፊት መዋሸት አልሆነልኝም።

«ትንሽ አለ። ለዋናው አስተዳዳሪ የተያዘ።»

«እሱ ማነው?»

«እኔ።»

«እንዴ! ሜዳ የሚያህል ቦታ ላይ ተቀምጠሽ ነው የሰው ትዳር አጥፉ የምትይን?»

ኤዲተሩ ከወንበሩ እስኪንሸራተት ሳቀ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ተናድጄ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩና የያዝኩትን ቦታ ለቀቅኩ፤ ካርዶቹም ተገለበጡ።

የተፋታችው ልጅ ሱቁ የመጣችው በረዶ ሲጀምር ነው። ጋሼ እርቁ የሰመረ መስሏቸው ፊታቸው በርቶ ተነሡ።

«ጋሼ፣ እርቁን ይተዉት» አለች ገና ከበሩ። «አባባ ሲመርቀን የተቀረጸው አለ? ወይስ አጠፋችሁት?»

አባቷ በቅርቡ ማረፋቸውን ሰምተን ነበር። ድምፃቸው ያለበት ሌላ ነገር ፈልጋ አጥታለች። እኔ ደንግጬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ጋሼ እንዳያዩኝ ነው።

ኤዲተሩ ከፈተላት። አባትየው በአንድ እጃቸው እሷን፣ በሌላው ሙሽራውን ይዘው ማይክሮፎን ሳያስፈልጋቸው አዳራሹን በምርቃት ይሞሉታል። ሰዉ አሜን ይላል። ደግማ አየችው።

ኤዲተሩ ሊያጽናናት ፈልጎ «ከፈለግሽ ባልሽን ክሮፕ አድርጌ ከምስሉ ላውጣልሽ» አላት።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ተወው» አለች። «አባባ እጁን ይዞታል።»